የጨረራው መጠን በውጤት ወረቀቱ ላይ ይስፈር

ጉዱ የታወቀው በረገፈ ፀጉር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ በስትሮክ ጥርጣሬ የጭንቅላት ሲቲ ስካን የተነሳ አንድ ታካሚ ፀጉሩ እየረገፈ መምጣቱን ለሆስፒታሉ ተናገረ። ሲጣራ ማሽኑ ለዚያ ምርመራ ከሚገባው ስምንት እጥፍ ያህል ጨረራ ሲሰጥ መክረሙ ተደረሰበት። ስህተቱ 18 ወር ቆይቷል፤ ከ200 በላይ ሰዎችን ነክቷል። የሚያንገበግበው ደግሞ ማሽኑ ምንም አለመደበቁ ነው። ለእያንዳንዱ ታካሚ የሰጠውን መጠን በስክሪኑ ላይ በቁጥር ያሳይ ነበር። ልብ ያለው ግን አልነበረም።

ይህን የምናነሳው በአነስተኛ ጨረራ ጥሩ ምስል ይሰጣሉ ስለሚባሉት አዳዲስ የሲቲ ማሽኖች የሚወራው የምሥራች ግማሹ ብቻ እየተነገረ ስለሆነ ነው።

ሲቲ ስካን እንደ ካሜራ ፎቶ አያነሳም። የራጅ ቱቦው በታካሚው ዙሪያ ሲሽከረከር ማሽኑ ከየአቅጣጫው ምን ያህል ጨረር ሰውነትን አልፎ እንደወጣ ይለካል፤ ከዚያ ምስሉን የሚሠራው ኮምፒውተሩ ነው። ጨረራው ሲቀነስ ልኬቱ ይሳሳል። ለዓመታት ባገለገለው ስሌት መጠኑን በግማሽ ቢቀንሱት በምስሉ ላይ አሸዋ የተነሰነሰ የሚያስመስለው ብዥታ በ40 በመቶ ያህል ይጨምራል። አዲሱ ስሌት ሌላ መንገድ ይሄዳል። መጀመሪያ ግምታዊ ምስል ይሥላል፤ ምስሉ ትክክል ቢሆን ኖሮ ማሽኑ ምን ይለካ እንደነበር ያሰላል፤ ከእውነተኛው ልኬት ጋር ያስተያያል፤ ያርማል፤ እንደገና ይጀምራል። እህል በሰፌድ ደጋግሞ እንደ ማበጠር ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር ገለባው እየተለየ ይሄዳል።

አዲስ ይባል እንጂ ሐሳቡ ከሲቲ ስካን ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያዋን ታካሚ አንጎል ያሳየው በዚሁ ዓይነት ተደጋጋሚ ስሌት ነበር። ቀደም ሲል በቤተ ሙከራው አንዲት ምስል ለማግኘት ልኬቱ 9 ቀን፣ የኮምፒውተሩ ሥራ ደግሞ 2 ሰዓት ተኩል ፈጅቶበታል። ታካሚ ተሰልፎ በሚጠብቅበት ክፍል ይህ አያዋጣም፤ ስለዚህ ፈጣኑ ስሌት ቦታውን ወሰደ። ተደጋጋሚው ወደ ሆስፒታሎች የተመለሰው እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ የኮምፒውተር ጉልበት ሲጎለብት ነው። በ2019 ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚታገዙት ስሌቶች በአሜሪካ ፈቃድ አገኙ።

በዚህ መንገድ ሊቀነስ የሚችለው ጨረራ ትንሽ አይደለም። ሰው ከአፈሩ፣ ከዓለቱና ከሰማዩ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ጨረራ ይቀበላል፤ አንድ የሆድ ሲቲ ስካን የሦስትና የአራት ዓመቱን በአንድ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች ወደ 950 ሺህ የሚጠጉ ልጆችንና ወጣቶችን የተከታተለውና በ2023 የታተመው ጥናት፣ በዛሬው የጨረራ መጠን ከሚመረመሩ 10 ሺህ ልጆች መካከል በቀጣዮቹ 12 ዓመታት አንድ ወይም ሁለቱ በዚሁ ሰበብ የደም ካንሰር ሊይዛቸው እንደሚችል ገምቷል። አደጋው ለአንድ ልጅ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ሐኪም አስፈላጊ ያለውን ምርመራ በፍርሃት መተው ከዚህ የባሰ ጥፋት ነው። ነገር ግን በቀላሉ ሊቀር የሚችል ጨረራን ለልጅ መስጠት ምን ምክንያት አለው?

ሻጮች የማይናገሩት ግማሽ እዚህ ላይ ይመጣል። ሶፍትዌሩ በራሱ ጨረራ አይቀንስም። ቱቦውን የሚያዘው ባለሙያው ነው። ቅንብሩ እንደ ድሮው ከተተወ ሆስፒታሉ የሚያገኘው ይበልጥ ያማረ ምስል ነው፤ ታካሚው ግን ያንኑ ያህል ጨረራ ተሸክሞ ይወጣል። በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ በአራት ሆስፒታሎች የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት ለአንድ ዓይነት ምርመራ በትልቁና በትንሹ መጠን መካከል በአማካይ 13 እጥፍ ልዩነት አግኝቷል። መቀነሱም ቢሆን ልክ አለው፤ ከልክ በላይ ከተቀነሰና ስሌቱ ምስሉን አለስልሶ ከሸፈነው በጉበት ላይ ያለች ትንሽ እባጭ አብራ ልትጠፋ ትችላለች። ስለዚህ ሥራው የራዲዮሎጂስቱን፣ የራዲዮግራፈሩንና የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያውን ምክክር ይጠይቃል።

የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው። በአገራችን የሲቲ ማሽን የሚገዛ የመንግሥትም ሆነ የግል ሆስፒታል፣ የምስል ማቀናበሪያ ሶፍትዌሩን፣ በልጆች ዕድሜና ክብደት የተለየ ቅንብርንና የባለሙያ ሥልጠናን በጨረታ ሰነዱ ያካትት። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ለተለመዱት ምርመራዎች አገራዊ የማመሳከሪያ መጠን አውጥቶ ለሕዝብ ያሳውቅ፤ ከዚያ የዘለለውን ተቋምም ለምን ብሎ ይጠይቅ። ከሁሉ በፊት ግን ምንም ወጪ የማይጠይቀው ይቅደም፤ ማሽኑ ከእያንዳንዱ ምርመራ በኋላ የሚያስቀምጠው የጨረራ ቁጥር ከራዲዮሎጂስቱ አስተያየት ጋር በውጤት ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

ልጅ ይዘው ወደ ሲቲ ክፍል የሚገቡ ወላጆችም ሁለት ነገር ከመጠየቅ አይፈሩ፦ ቅንብሩ የልጅ ነው ወይ? ቁጥሩስ ስንት ሆነ?