ማህፀን ጆሮ ሲሰጥ

የጅቡቲ ባቡር መንገደኞች በሚሳፈሩበት በፉሪና ለቡ አካባቢ ምጥ የያዛት ሴት ጤና ጣቢያ ስትገባ፣ ደጅ የቀሩት ሴቶች «ማርያም ማርያም» ይላሉ። ሰዓቱ ሲገፋ ደግሞ ከዘመድ አንዱ «ለምን የምጥ መርፌ አይሰጧትም?» ማለቱ አይቀርም። የጭንቅ ጥያቄ ነው። ከበስተጀርባው ግን አንድ ስሕተት አለ፤ መድኃኒቱ በበዛ ቁጥር ምጡ ይበረታል የሚል።

ወሳኙ ማህፀን ነው።

መርፌው ኦክሲቶሲን ነው፤ ባለሙያዎቹ ፒቶሲን የሚሉት። እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል የፒቱታሪ ዕጢ ጭማቂ ማህፀንን እንደሚያኮማትር ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1906 ነበር። አሜሪካዊው ቪንሰንት ዱ ቪኞ ሆርሞኑን በ1953 በቤተ ሙከራ ሠራና በ1955 ኖቤል ተሸለመ። ስለዚህ ክብሩ ሁሉ ለሆርሞኑ ሆነ። ይሁንና ምጥ ሲቃረብ በእናት ደም ውስጥ ያለው ኦክሲቶሲን ያን ያህል አይጨምርም። የሚበዛው በማህፀን ጡንቻ ላይ ተቀምጦ ሆርሞኑን የሚያዳምጠው ተቀባይ ነው፤ በመውለጃው ሰሞን ከእርግዝና በፊት ከነበረው 100 እጥፍና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ጠሪው ያው ነው፤ ጆሮው ነው የበዛው።

እስከዚያ ድረስ ማህፀንን ጸጥ አድርጎ የያዘው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሌላ ሆርሞን ነው። በግ በዚህ ነገር ከሰው ይልቅ ግልጽ ናት፦ መውለጃዋ ሲደርስ ፕሮጄስትሮኗ ከደሟ ይቀንሳል። በሴት ግን አይቀንስም። የፕሮጄስትሮን ተቀባይ ኤ እና ቢ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት፤ ምጥ ሲቃረብ ኤ እየበዛ የቢን ሥራ ያደበዝዛል። ትእዛዙ ይተላለፋል፣ የሚታዘዝ ግን ይጠፋል። ሚፌፕሪስቶን የተባለው መድኃኒትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሆርሞኑን ሳያጠፋ ተቀባዩን ይይዝበታል። ፕሮጄስትሮን ታዛዥ ሲያጣ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የበላይነቱን ይይዛል፤ የኦክሲቶሲን ተቀባዮችን ያበዛል፣ የጡንቻ ሕዋሳት አንድ ላይ እንዲኮማተሩ የሚያገናኟቸውን ቀዳዳዎችም ይጨምራል።

ይህን ያወቀ ሰው የሐኪም ቤቱ አሠራር ይገባዋል። ኦክሲቶሲን በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ደካማ ነው፣ ሰሚ የለውምና። ሌላው ማህፀን አኮማታሪ መድኃኒት ሚሶፕሮስቶል ግን የራሱን ተቀባዮች በማንኛውም ወር ያገኛል፤ እንደ ኦክሲቶሲን ፍሪጅ አለመፈለጉም ለገጠር ሌላ ጥቅም ነው።

አሳሳቢው ሌላ ነው። ተቀባዮቹ ለረጅም ሰዓት በኦክሲቶሲን ሲወተወቱ ይደክማሉ፣ ከሕዋሱ ወለል ወደ ውስጥ ይገባሉ። እንግዴ ልጅ ከወጣ በኋላ የደም ሥሮችን ጨምድዶ መያዝ የነበረበት ጡንቻ ያኔ ይለግማል፤ ደም ይፈሳል። ከወሊድ በኋላ ለእያንዳንዷ እናት የሚመከረው 10 ዩኒት ኦክሲቶሲንም የሚጠብቀው ያንኑ ጆሮ ነው። በኢትዮጵያ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ከነበረበት 26 በመቶ በ2019 ወደ 48 በመቶ አድገዋል፤ መልካም ዜና ነው። መርፌው ያለ ልክ እንዲፋጠን የሚወተውት ዘመድም አብሮ መብዛቱ ግን አይቀርም።

ውስጥ ያለችው አዋላጅ እጇን ከእናቲቱ ሆድ ላይ አድርጋ፣ ማህፀኑ በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደጠነከረ ትቆጥራለች። የኦክሲቶሲኑን ጠብታ ፍጥነት የምትነካው ከዚያ በኋላ ነው።