ስለ ጡት ነቀርሳ ማፈር ይቅር

አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ይህ ምሳሌ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በጡት ነቀርሳ ላይ ነው። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት የነቀርሳ ዓይነቶች የሚበዛው ይኸው ሲሆን፣ ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ሐኪም ፊት የሚቀርቡት በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። በመርሳ ወይም በጊራና ገበያ የምትውል ሴት በጡቷ ላይ እብጠት ብታገኝ፣ «አላመመኝም» ብላ ትተወዋለች፤ ወይም ለመናገር ታፍራለች። ዳሩ ግን ነቀርሳ ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። እብጠትም ሁሉ ነቀርሳ አይደለም፤ ለይቶ የሚያውቀው ግን ሐኪም ነው።

እኛ የምንለው፣ የሕክምናውን ዓይነት የሚወስነው ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ሴቲቱ የደረሰችበት ቀንም ነው።

ሐኪሞች በሽታውን በ4 ደረጃ ይከፍሉታል። በ1ኛውና በ2ኛው ደረጃ ነቀርሳው በጡት ውስጥ፣ ቢበዛም በብብት ሥር ባሉ ጥቂት ንፍፊቶች ተወስኖ ይገኛል። ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና ነው፤ ዓላማውም ማዳን ነው። ምርጫውም ሁለት ነው፤ ይኸውም እብጠቱን አውጥቶ ጡቱን ማትረፍ፣ ወይም ጡቱን በሙሉ ማንሣት። ጡቷ የተረፈላት ሴት አብዛኛውን ጊዜ የጨረር ሕክምና መከተል አለባት። ይህ ሕክምና ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ይገኝ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ጅማን በመሳሰሉ ከተሞችም ተጀምሯል። ከወልድያ እስከ አዲስ አበባ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጨረሩም ሳምንታት ይወስዳል። በሽታው ገና በጅምሩ ሳለ ጡቱ በሙሉ ከተነሣ ጨረር ብዙ ጊዜ ስለማያስፈልግ፣ የሀብሩ ገበሬ ሚስት ይህን ብትመርጥ አያስደንቅም። ይህም ምርጫ ቢሆን የሚገኘው ቀድማ ለደረሰች ነው።

በ3ኛው ደረጃ በሽታው ወደ ቆዳ፣ ወደ ደረት ግድግዳ ወይም ወደ ብዙ ንፍፊቶች ይገፋል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ ኬሞቴራፒ የሚባለው መድኃኒት ይሰጥና እብጠቱ ሲያንስ ቀዶ ጥገናው፣ ቀጥሎም ጨረሩ ይከተላል። መንገዱ ረዘመ እንጂ ተስፋው አልተቆረጠም። በ4ኛው ደረጃ ግን ወደ አጥንት፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ አንጎል ስለ ተሠራጨ፣ የሕክምናው ዓላማ ዕድሜን ማራዘምና ሕመምን ማስታገሥ ይሆናል።

የተወሰደው ናሙና ተመርምሮ ነቀርሳው በሴት ሆርሞን የሚያድግ ሆኖ ከተገኘ፣ ታሞክሲፌን የተባለው እንክብል በየቀኑ፣ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ለ5 ዓመት ይዋጣል። በቤት ተቀምጦ የሚወሰድ ስለሆነ ለገጠር ሴት ይመቻል፤ «ድኛለሁ» ብላ ካቋረጠችው ግን ጥቅሙ ይቀንሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ አንዲት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጤና ተቋም ከቀረበችበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ በሽታዋ ተለይቶ እንዲታወቅ አሳስቧል። እነሆ፣ ከዚህ 60 ቀን ከፊሉ በእኛ በወጣት የመንግሥት ሠራተኞች እጅ ነው። ከመርሳ ወደ ወልድያ፣ ከወልድያም ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚያሳልፈው የሪፈር ወረቀት በጠረጴዛችን ላይ ያልፋል። «ነገ ተመለሺ» ማለት ለጸሐፊው ቀላል ነው፤ ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ ለመጣች እናት ግን ከ60ው ቀን አንዱን መንጠቅ ነው። ቀኑ ሲደራረብም ደረጃው ከ2ኛ ወደ 3ኛ ሊያልፍ ይችላል።

ተማሪውም ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲገባ የተማረውን ለቤተ ሰቡ ይንገር፤ ለእናቱ መናገር ቢያሳፍረው በእኅቱ በኩል ያድርሰው። ጠበሉንም ሆነ ዱዓውን ማንም አይከለክልም፤ ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሂድ እንጂ ሕክምናውን አያዘግይ። የተማረ ሰው ለወገኑ የሚጠቅመው፣ ሌላው ያፈረበትን ነገር በጊዜው ደፍሮ ሲናገር ነው።