በኪስ ስለሚሸሸግ ሽጉጥ

አጭር ሽጉጥ የያዘ ሰው መሣሪያውን ሲያመሰግን አራት ነገር ይናገራል። አንደኛ፤ ቀላል ነውና ቀኑን ሙሉ ቢታጠቁት ወገብ አያደክምም። ሁለተኛ፤ አፈሙዙ አጭር ስለ ሆነ ከካፖርት ወይም ከጋቢ ሥር አይታይም። ሦስተኛ፤ የጥይቱ ከበሮ የሚሽከረከር ነውና አንዱ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን ደግሞ ሲስቡት ሌላው ይተካል። አራተኛ፤ ባለቤቱ በመሸበት ጊዜ ልቡ አይፈራም። ይህ ምስጋና በአረካ ቢሰማ፥ በሶዶም በአዲስ አበባም ቢሰማ ያው ነው። ከአራቱ ሦስቱ እውነት ናቸው፤ አራተኛው ግን ሊመረመር ይገባዋል።

የኮልት ፋብሪካ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1927 «ዲተክቲቭ ስፔሻል» የተባለውን አጭር ስድስት ጎራሽ አወጣ፤ ስሚዝና ዌሰንም በ1950 «ቺፍስ ስፔሻል» የተባለውን አምስት ጎራሽ አስከተለ። የፊተኛው ስም መርማሪ ፖሊስን፥ የኋለኛው የፖሊስ አለቃን የሚያመለክት ነው። እንግዲህ ለሹም ታስቦ የተሠራው መሣሪያ ወደ ነጋዴው ኪስ በገባ ጊዜ፥ የሹሙ ልምምድና ተጠያቂነት አብረውት አልገቡም።

ደግሞም ምስጋናው ራሱ ነቀፋውን ተሸክሞ ይዞራል። ሽጉጡ ቀላል በመሆኑ ሲተኮስ እጅን አጥብቆ ይመታል፤ አፈሙዙ አጭር በመሆኑም ዐላሚው በጥቂቱ ቢያዛንፍ ጥይቱ ከዒላማው እጅግ ይርቃል፤ ምላጩም ከባድ ስለ ሆነ ያልተለማመደ ጣት ሲስበው አፈሙዙን ያናውጠዋል። ይህን በአረካ ገበያ መካከል፥ እናቶች ቆጮና ቅቤ ይዘው በተሰበሰቡበት ስፍራ፥ የደነገጠ ሰው ቢተኩሰው ጥይቱ የሚያገኘው ሌባውን ነው ወይስ ምስኪኒቱን ነጋዴ?

ከዚህም የሚከፋው መሸሸጉ ነው። ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ወላይታን ባስገበሩ ጊዜ፥ የካዎ ጦና ሰዎች አብዛኞቹ በጦርና በጋሻ ጠመንዣን ተቋቁመው ብዙ ሰው አለቀ። ያ ዘመን የመከራ ዘመን ነበር፤ ቢሆንም ጦር የያዘ ሰው ጦር መያዙ ይታይ ነበር። ዛሬ ግን በለቅሶ ቤት ጐን ለጐን የተቀመጠው ጎረቤት በብብቱ ምን እንዳለ አይታወቅም። በመስከረም የጊፋታ በዓል ሲደርስ የተጣሉ ሰዎች ይታረቃሉ፤ በሽማግሌ ፊት እጁን ዘርግቶ ሽጉጡን ግን በኪሱ ያስቀረ ሰው ዕርቁ ከግማሽ አያልፍም።

«ሌባ በዝቷል፥ መንገዱም ያስፈራል፥ ፖሊስም ዘግይቶ ይደርሳል» የሚል ይኖራል። ይህ ቃል በከንቱ የሚናቅ አይደለም፤ የሚፈራ ሰው የሚፈራበት ምክንያት አለውና። ነገር ግን ሁሉም ስለ ፈራ ሁሉም ቢታጠቅ፥ የፍርሃቱ ምንጭ እጥፍ ይሆናል እንጂ አይደርቅም። ሌባውም ባለቤቱ መታጠቁን ከጠረጠረ ቀድሞ ይተኩሳል። ፍርሃትን የሚያስወግደው በየሰፈሩ የሚያድር ዘብ፥ በመንገድ የሚበራ መብራትና ሳያዳላ የሚፈርድ ዳኛ ነው። ይህን ከመጠየቅ ይልቅ ሽጉጥ መግዛት የሚቀል ስለ መሰለ፥ ከተማው የጋራ ዕዳውን በየግል ኪሱ ሸሸገው።

ሽጉጥም ጌታውን አይለይም። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለቆንሲሉ ለፕላውደን ስለ ተደረገው ቸርነት ምስጋናዋን ለመግለጥ ለዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥ ላከች። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በሰበረ ጊዜ፥ ንጉሡ በገጸ በረከትነት በመጣላቸው በዚያው ሽጉጥ ነፍሳቸውን አጠፉ ይባላል። ለምስጋና የመጣው የንጉሥን ነፍስ ከበላ፥ በቂም ቀን የተገዛውማ ምን ያደርግ ይሆን? በመኝታ ሥር የተቀመጠ ሽጉጥ ሌባን ሲጠብቅ፥ የሰከረ ባል፥ ተስፋ የቈረጠ ጎልማሳ ወይም የሚጫወት ሕፃን ቀድሞ ያገኘዋል።

የጦር መሣሪያ ዐዋጅ ቍጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ዐዋጁ ግን የሰውን ጋቢ ገልጦ አያይም፤ ይህ የካህኑና የሽማግሌው ሥራ ነው። ካህኑ በኑዛዜ ጊዜ፥ ሽማግሌውም በዕርቅ ጊዜ «በብብትህ ምን አለ?» ብሎ ለመጠየቅ አይፈር። ተጠያቂውም ቢቈጣ፥ ቍጣው ራሱ ለጥያቄው መልስ ይሆናል።