በባሕር ላይ የድረሱልኝ ጥሪና የሬዲዮ ኦፕሬተሮች ብቃት

በውቅያኖስ መካከል እሳት የተነሳበት ወይም ውሃ የገባበት መርከብ እንደ ከተማ ነዋሪ ጮሆ የሚጠራው ጎረቤት የለውም። የተሳፋሪዎቹና የሠራተኞቹ ሕይወት የሚወሰነው የድረሱልኝ ጥሪው በወቅቱ በመተላለፉ፣ በትክክለኛው አካል በመሰማቱና የአደጋውን ቦታ በማያሻማ ሁኔታ በመግለጹ ነው። በመሆኑም የባሕር ሬዲዮ መገናኛና የኦፕሬተሮቹ ብቃት ለቴክኒክ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ለዚህ ትምህርት ዓለም የከፈለው ዋጋ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1912 ታይታኒክ በሰሜን አትላንቲክ ስትሰምጥ በአቅራቢያዋ የነበረችው ካሊፎርኒያን የተባለች መርከብ ብቸኛ የሬዲዮ ኦፕሬተር ሥራውን አጠናቆ ተኝቶ ስለነበር ጥሪውን አልሰማም። ጥሪውን የሰማችው ካርፓቲያ ከሩቅ ደርሳ ከ700 የሚበልጡ ሰዎችን ብታተርፍም ከ1 ሺህ 500 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸው አልፏል። በዚህ መነሻነት እ.ኤ.አ. በ1914 በባሕር ላይ የሰው ሕይወት ደህንነትን የሚመለከተው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ስምምነት ተዘጋጅቷል።

ከዚያ በኋላ ለበርካታ አሥርት ዓመታት የመርከቦች ጥሪ በአብዛኛው በሞርስ ኮድ ይተላለፍ የነበረ ሲሆን፣ ሥራውም ለዚሁ ብቻ በተመደበ የሬዲዮ መኮንን ይከናወን ነበር። ይህን አሠራር የለወጠው ዓለም አቀፉ የባሕር ላይ አደጋና ደህንነት የመገናኛ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 1992 ጀምሮ በደረጃ ተግባራዊ ሆኖ በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1999 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ውሏል። በዚህም ሳቢያ ልዩ የሬዲዮ መኮንን ከአብዛኞቹ መርከቦች ላይ የቀረ ሲሆን፣ ኃላፊነቱ መርከቡን ለሚመሩት መኮንኖች ተላልፏል።

ሥርዓቱ ባሕሮችን በአራት ቀጣናዎች ይከፍላል። የመጀመሪያው ከባሕር ዳርቻ ጣቢያዎች በግምት ከ20 እስከ 30 ኖቲካል ማይል ባለው ርቀት በአጭር ርቀት ሬዲዮ የሚሸፈን ነው። ሁለተኛው በመካከለኛ ሞገድ፣ ሦስተኛው በሳተላይት የሚሸፈኑ ሲሆን፣ አራተኛው ዋልታዎችን የመሰሉ ቀሪ አካባቢዎችን ያጠቃልላል። አንድ መርከብ የሚይዘው መሣሪያ የሚወሰነው በሚጓዝበት ቀጣና ነው። በቻናል 70 የሚላከው ዲጂታል ጥሪ የመርከቡን መለያ ቁጥር፣ ያለበትን ቦታና የአደጋውን ዓይነት ይዞ ይሄዳል። መርከቡ ቢሰምጥ ደግሞ በ406 ሜጋኸርትዝ የሚሠራው ተንሳፋፊ የአደጋ ጠቋሚ ሬዲዮ በሳተላይት አማካኝነት ለነፍስ አድን ማዕከላት ምልክት ያስተላልፋል።

ይሁን እንጂ የመሣሪያው መዘመን የሰውን ብቃት አልተካም። ዓለም አቀፉ ድንጋጌ እያንዳንዱ መርከብ ብቃት ያላቸው የሬዲዮ ሠራተኞች እንዲኖሩት፣ ከእነርሱም አንዱ በአደጋ ጊዜ የግንኙነቱ ዋና ኃላፊ ሆኖ እንዲሰየም ያስገድዳል። ከባሕር ዳርቻ ብዙ በማይርቀው የመጀመሪያው ቀጣና ብቻ ለሚሠራ ኦፕሬተር የተገደበ የምስክር ወረቀት የሚበቃ ሲሆን፣ በሁሉም ቀጣናዎች ለመሥራት ግን አጠቃላይ የኦፕሬተርነት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ባለምስክር ወረቀቱ ከ18 ዓመት ያላነሰ መሆን፣ በየአምስት ዓመቱም ብቃቱ እንደቀጠለ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል።

የብቃት ማነስ የሚያስከትለውን ጉዳት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 16 ቀን 2014 በደቡብ ኮሪያ የሰጠመችው ሴዎል የተባለች የመንገደኞች መርከብ አሳይታለች። ስለ አደጋው መጀመሪያ የተደወለው ከመርከቡ ማዘዣ ክፍል ሳይሆን ከአንድ ተማሪ የእጅ ስልክ ነበር። መርከቧ ራሷ ጥሪ ስታደርግም ያነጋገረችው በቅርብ የነበረውን የጂንዶ ጣቢያ ሳይሆን መድረሻዋ የነበረውን የሩቁን የጄጁ ጣቢያ ነው። ለ304 ሰዎች ሞት ሌሎች ከባድ ጥፋቶችም ምክንያት ቢሆኑም፣ ወሳኝ ደቂቃዎች በተሳሳተ ቻናል መባከናቸው ግን የሚካድ አይደለም።

ሌላው ችግር የሐሰት ጥሪ ነው። በቸልተኝነት ወይም በአያያዝ ጉድለት የሚተላለፉ ጥሪዎች ነፍስ አድን ኃይሎችን ያለ አግባብ ያሰማራሉ፤ እውነተኛው ጥሪ ሲመጣም መዘናጋትን ይፈጥራሉ። የሠለጠነ ኦፕሬተር በስህተት ጥሪ ቢያስተላልፍ መሣሪያውን በድብቅ አያጠፋም፤ በቻናል 16 ለሁሉም ጣቢያዎች ስህተቱን አሳውቆ ጥሪውን ይሰርዛል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም በቀጥታ ይመለከታል። የባሕር በር የሌላቸው አገሮችም በሰንደቅ ዓላማቸው መርከብ የማንቀሳቀስ መብት እንዳላቸው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 90 ይደነግጋል። አንቀጽ 94 ደግሞ መብቱን ከግዴታ ጋር አያይዞ፣ የሬዲዮ ግንኙነትን የሚጠብቁ ብቁ መኮንኖች መኖራቸውን የማረጋገጥ ኃላፊነት በባለ ሰንደቅ ዓላማው መንግሥት ላይ ይጥላል። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የዓለም አቀፉ የማሪታይም ድርጅት አባል የሆነችው ኢትዮጵያ በባሕር መገናኛ የምትለየው 624 በሚለው የአገር ኮድ ነው።

ይህ ቁጥር በመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ የሚያስከትለው ሥራ ቀላል አይደለም። የአደጋ ምልክት ከዚህ ኮድ ጋር ሲደርስ የነፍስ አድን ማዕከሉ የመርከቡን ስም፣ ባለቤትና የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ማወቅ ይኖርበታል። ለዚህም መንግሥታት የመለያ ቁጥሮችን መዝግበው መረጃውን ቀንም ሌሊትም በ24 ሰዓት ውስጥ በማናቸውም ጊዜ ለማዕከላት ተደራሽ እንዲያደርጉ ስምምነቱ ያዛል። ባለቤትነቱ የተለወጠ መርከብ ካልታረመ፣ የተጠሪው ስልክ ቁጥር ካረጀ ወይም በእረፍት ቀን የሚመልስ ከሌለ፣ በባሕር ላይ ያለው ኦፕሬተር የቱንም ያህል ብቁ ቢሆን ጊዜ መባከኑ አይቀርም። በሌላ አነጋገር የጥሪው ሰንሰለት የሚያበቃው በቢሮ ውስጥ ባለ መዝገብ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ መርከቦች ከሚመላለሱባቸው መስመሮች አንዱ የሆነው ቀይ ባሕርም ጥንቃቄ የሚሻ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ በጥቃት ተመትታ ሰጥማለች። በአካባቢው የሳተላይት ቦታ ጠቋሚ መስተጓጎልም ተስተውሏል። ጥሪው የተሳሳተ ቦታ ይዞ እንዳይሄድ፣ ቦታው ከጠቋሚው በራሱ በማይገባበት ጊዜ ኦፕሬተሩ ቢያንስ በየ4 ሰዓቱ በእጁ እንዲያስገባ ድንጋጌው ያስገድዳል። ይህን የሚያደርገው ተግባሩን በልምምድ ያዋሃደ ሰው ብቻ ነው።

በተጨማሪም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሥርዓቱን ያዘመኑ ማሻሻያዎች ሥራ ላይ ውለዋል። በባሕር ዳርና በቢሾፍቱ ባቦጋያ የሚሰጠው የማሪታይም ሥልጠና ከእነዚህ ለውጦች ጋር እኩል መራመድ ይኖርበታል። ኢትዮጵያውያን ባሕረኞች በውጭ ኩባንያዎች መርከቦች ላይ ተቀጥረው የሚሠሩ እንደመሆናቸው፣ የምስክር ወረቀታቸው ተፈላጊነት የሚለካው ከጀርባው ባለው ፈተና ጥራት ነው። በወረቀት የተገኘ ብቃት በመጀመሪያው አደጋ ይጋለጣልና።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የሥልጠና ተቋማት በመሣሪያ የታገዘ የተግባር ልምምድን፣ ፈታኞች ጥብቅ ምዘናን፣ መዝጋቢው አካል ደግሞ ወቅቱን የጠበቀ መረጃን በማረጋገጥ የየድርሻቸውን ሊወጡ ይገባል። አንድ የድረሱልኝ ጥሪ ሕይወት የሚያተርፈው ላኪውም፣ ተቀባዩም፣ መዝገቡም ዝግጁ ሆነው ሲገኙ ነው።