የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ጨቅላ ሕፃናት ሕይወት በነርሶች እጅ

የመንዝና የግሼ ደጋ በብርዱ፣ በበግ እርባታውና ከበግ ፀጉር በሚሠራው ባና ይታወቃል። አዋቂ ሰው ብርዱን በባና ይከላከለዋል። ያለጊዜው የተወለደ፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል የማይሞላ ጨቅላ ግን ሙቀቱን ጠብቆ የሚያቆይበት ስብም ሆነ ጉልበት ስለሌለው ከተወለደ ደቂቃዎች ሳይቆጠሩ ሰውነቱ መቀዝቀዝ ይጀምራል። እንዲህ ያለውን ሕፃን ሌትና ቀን ተከታትላ ከሞት የምትታደገው በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል የተመደበች ነርስ ናት። ይህች ባለሙያ በቂ ሥልጠና ማግኘቷና በተመደበችበት ክፍል መቆየቷ የሕፃኑን ዕጣ ይወስናል። ውሳኔው ግን በአብዛኛው ያለው ከክፍሉ ውጪ፣ በሆስፒታል አመራሮችና በጤና ጽሕፈት ቤቶች እጅ ነው።

ኢትዮጵያ የሕፃናትን ሞት በመቀነስ ረገድ ከፍተኛ ውጤት ማስመዝገቧ የሚታወቅ ነው። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በሕይወት ከሚወለዱ አንድ ሺህ ሕፃናት መካከል 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው ንዑስ ጥናት ይህ አኃዝ ወደ 59 ዝቅ ብሏል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ የክትባት ሽፋን መስፋፋትና የወባ መከላከል ሥራ ለውጤቱ የላቀ ድርሻ ነበራቸው።

ይሁን እንጂ በተወለዱ በ28 ቀናት ውስጥ የሚሞቱ ጨቅላ ሕፃናት ቁጥር በዚያው ፍጥነት አልቀነሰም። በ1992 ዓ.ም. ከአንድ ሺህ 49 የነበረው የጨቅላ ሕፃናት ሞት በ2008 ዓ.ም. ወደ 29 ወርዶ፣ በ2011 ዓ.ም. ጥናት 33 ሆኖ ተገኝቷል። የናሙና ጥናት ልዩነት በመሆኑ ሞቱ ጨምሯል ብሎ መደምደም ባያስደፍርም፣ የመቀነሱ ጉዞ መገታቱን ግን ያመለክታል። በ1992 ዓ.ም. አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ከሚሞቱት ሕፃናት መካከል የጨቅላዎቹ ድርሻ 30 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በ2011 ዓ.ም. ከግማሽ በልጦ ወደ 56 በመቶ ተጠግቷል። የአማራ ክልል ድርሻም ቀላል አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ከዚያ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት በክልሉ የሞቱት ጨቅላ ሕፃናት ከአንድ ሺህ 47 እንደነበሩ ተመልክቷል። በዘላቂ የልማት ግቦች የተያዘው ዕቅድ ደግሞ እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ሞቱን ከአንድ ሺህ ወደ 12 ወይም ከዚያ በታች ማውረድ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሳው ሌላው ጉዳይ ሞቱ የማይሰማ መሆኑ ነው። በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች ገጠር የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ክርስትና ሳይነሳ የሞተ ጨቅላ በአደባባይ አይለቀስለትም፤ በጓሮ የሚቀበርበትም ጊዜ አለ። ስም ያልወጣለትና ያልተለቀሰለት ሕፃን በመዝገብም ሳይሰፍር ይቀራል። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ ከነሐሴ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ቢውልም፣ ያልተነገረ ልደትና ሞት መዝጋቢው ዘንድ አይደርስም። በቁጥር ያልታየ ችግር ደግሞ በበጀት ድልድል ወቅት አስታዋሽ ያጣል።

በጎ ጎኑ፣ ይህ ሞት እየዋለ እያደር ከቤት ወደ ጤና ተቋም ዓይን ሥር እየገባ መሆኑ ነው። በ1992 ዓ.ም. በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. 48 በመቶ ደርሰዋል። በመሐል ሜዳ ሆስፒታል፣ እንዲሁም በካርልሄይንዝ ቦም የተመሠረተው መንሽን ፎር መንሽን በመርሐቤቴ ዓለም ከተማ ባስገነባው እናት ሆስፒታል የሚወልዱ የአካባቢው እናቶች፣ ቀድሞ ቢሆን ያለ ባለሙያ እርዳታ በየጎጇቸው በወለዱ ነበር። ጤና ተቋም የደረሰ ጨቅላ ሲሞት ምክንያቱን መመርመር፣ ጉድለቱን ማረምም ይቻላል።

ጨቅላዎቹ ለሞት የሚዳረጉበት ምክንያት በሚገባ ይታወቃል። በፕሮፌሰር ሉሉ ሙሔ መሪነት በአምስት የሀገሪቱ ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው ጥናት፣ በጽኑ ሕክምና ክፍሎች የገቡ 3 ሺህ 852 ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ተከታትሏል። ከእነዚህ መካከል 29 በመቶ የሚሆኑት 28 ቀን ሳይሞላቸው ሞተዋል። ለ45 በመቶው ሞት ምክንያት የሆነው የሳንባ አለመዳበር የሚያስከትለው የመተንፈስ ችግር ነው። 30 በመቶው በኢንፌክሽን፣ 14 በመቶው ደግሞ በወሊድ ጊዜ በመታፈን የደረሰ ሞት ነው። ሦስቱም አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና የሚጠይቁ አይደሉም። የሚጠይቁት ሳይቋረጥ የሚከታተል ሰው ነው።

የክትትሉ ዝርዝር ከሩቅ ለሚመለከተው ቀላል ይመስላል። ነርሷ የሕፃኑ ሙቀት ከ36 ነጥብ 5 እስከ 37 ነጥብ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መሆኑን ትለካለች። አተነፋፈሱን ትቆጥራለች፤ የኦክስጅኑን መጠን ታስተካክላለች። መጠኑ ካነሰ አእምሮው ይጎዳል፤ ከበዛ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ዓይን ሊታወር ይችላል። መድኃኒቱ የሚታዘዘው በክብደቱ ስለሆነ የነጥብ ስህተት እንኳ ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል። መጥባት የማይችለው የእናቱ ወተት በአፍንጫው በሚገባ ቀጭን ቱቦ ይሰጠዋል። ለአብነት ያህል በየሁለት ሰዓቱ የሚመገቡ አሥር ሕፃናት ቢኖሩ በቀን 120 ጊዜ፣ በአንድ የስምንት ሰዓት ፈረቃ ደግሞ 40 ጊዜ መመገብ ይኖርባቸዋል። በእያንዳንዱ መካከል እጅ መታጠብ ግዴታ ነው። ሁለት ነርሶች ብቻ ባሉበት ክፍል ከሁሉ አስቀድሞ የሚዘለለው ይኸው እጅ መታጠብ በመሆኑ፣ የባለሙያ እጥረት ሳይውል ሳያድር ወደ ኢንፌክሽን ይለወጣል።

ደጋው ለዚህ ሥራ ተጨማሪ ፈተናዎችን ያቀርባል። ቀዳሚው ብርዱ ነው። የቀዘቀዘ ጨቅላ በደሙ ያለው ስኳር ይወርዳል፤ አተነፋፈሱም ይዳከማል። ሕፃኑን እንደተወለደ የማጠብ ልማድ ችግሩን ያባብሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ገላ ማጠቡ ለ24 ሰዓት እንዲዘገይ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ማሞቂያ መሣሪያ ጠቃሚ ቢሆንም መብራት ሲቋረጥ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ርዕሰ ከተማ ቦጎታ የተጀመረው የካንጋሮ እንክብካቤ ግን ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም፤ ሕፃኑ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ታስሮ ይሞቃል።

ውጤታማነቱም በሀገር ውስጥ ተፈትኗል። ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በአዲስ አበባ በ123 አነስተኛ ክብደት ባላቸው ሕፃናት ላይ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ጥናት፣ በተለመደው እንክብካቤ ከቆዩት 38 በመቶ ሲሞቱ በካንጋሮ እንክብካቤ ከቆዩት የሞቱት 22 ነጥብ 5 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሰፊ ጥናትም እንክብካቤው እንደተወለዱ ወዲያውኑ ሲጀመር ሞትን በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅትም በቀጣዩ ዓመት ምክሩን በዚሁ መሠረት አሻሽሏል። ስለሆነም እናቲቱን ከክፍሉ በር ላይ መመለስ ቀርቶ አልጋና ምግብ ማዘጋጀት የሕክምናው አካል ሆኗል። እናቲቱን እንዴት እንደምትይዘው የምታስተምረውና የምታበረታታው ነርሷ ናት።

ሁለተኛው የአየሩ ስስነት ነው። ከባሕር ወለል በላይ በ3 ሺህ ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አየር እየሳበ ኦክስጅን የሚያመርት መሣሪያ በእንዲህ ያለ ከፍታ አቅሙ ሊቀንስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ መሣሪያ ያወጣው ዝቅተኛ መስፈርት እስከ 2 ሺህ ሜትር እንዲሠራ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ለመንዝና ለግሼ የሚገዛ መሣሪያ ከዚህ የላቀ መስፈርት ሊወጣለት ይገባል። ይህ የግዥ ኮሚቴ ሥራ ነው። ስህተቱ የሚታወቀው ግን ሌሊት፣ የሕፃኑ ከንፈር ሲጠቁር፣ በነርሷ ፊት ነው።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። ከመሐል ሜዳ በሞላሌና በመዘዞ አድርጎ፣ ጣርማ በር ላይ ከዋናው መንገድ ተገናኝቶ ደብረ ብርሃን ለመድረስ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። የመርሐቤቴው ተጓዥ ወደ ሙከጡሪ ለመውጣት የጀማን ሸለቆ ያቋርጣል። ኦክስጅን በሌለው አምቡላንስ፣ ከእናቱ ተለይቶ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚላክ ሕፃን ቀዝቅዞ ሊደርስ ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ መንዝ በደረሰበት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በክልሉ በተከሰተው ግጭት መንገዶች በተዘጉባቸው ጊዜያት ደግሞ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ የሚባለው አማራጭ ራሱ ይጠፋል። በዚያ ሰዓት በቅርብ ያለችው ነርስ የመጨረሻዋ ሐኪም ትሆናለች።

የችግሩ ቁልፍ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። በበርካታ ሆስፒታሎች ነርሶችን በየተወሰነ ጊዜ ከክፍል ወደ ክፍል ማዘዋወር የተለመደ አሠራር ነው። አሠራሩ መነሻ ምክንያት የለውም ማለት አይቻልም። የሌሊት ተረኝነትንና የሥራ ጫናን በፍትሐዊነት ለማከፋፈል፣ ባለሙያው ሰፊ ልምድ እንዲያገኝ ለማድረግ ይረዳል። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሲተገበር ግን የሚያስከትለው ኪሳራ ከጥቅሙ ያመዝናል። ቱቦ ማስገባትን፣ የመተንፈሻ ድጋፍ መስጠትንና የሕፃኑን የዝምታ ምልክት ማንበብን በወራት ልምምድ የተካነች ነርስ ወደ ሌላ ክፍል ስትዛወር፣ ለሥልጠናዋ የወጣው ገንዘብ አብሮ ይባክናል። ተተኪዋም ከሀ ትጀምራለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የሰው ኃይል ስትራቴጂ በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ነርሶች ከክፍላቸው እንዳይዛወሩ የመከረው ከዚህ በመነሳት ነው።

ነርሷን በክፍሉ ማቆየት በትእዛዝ ብቻ የሚሳካ አይደለም። ሳትዛወር የምትቆይ ባለሙያ በሙያው የምታድግበት መሰላል፣ በወቅቱ የሚፈጸም የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የእረፍት ፈረቃና በደጋው ከተሞች የመኖሪያ ቤት ያስፈልጋታል። ያለበለዚያ አለመዛወር ሽልማት መሆኑ ቀርቶ ቅጣት ይመስላል፤ ባለሙያዋም የመጀመሪያውን የዝውውር ዕድል ተጠቅማ ወደ ትልልቅ ከተሞች ትሄዳለች።

ከዚህ አኳያ በየደረጃው ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ድርሻ ግልጽ ነው። የሆስፒታል አመራሮች የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርሶችን ከተለመደው ዝውውር ነፃ ማድረግና ለእናቶች ማረፊያ ማመቻቸት ይጠበቅባቸዋል። የግዥ ባለሙያዎች የመሣሪያ መስፈርት ሲያወጡ የቦታውን ከፍታ ሊያገናዝቡ ይገባል። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች አምቡላንስ ሲያሰማሩ ሕፃኑ በእናቱ ደረት ላይ ሆኖ እንዲጓዝ፣ ተቀባዩ ሆስፒታልም ቀድሞ እንዲያውቅ ማድረግ ይችላሉ። የቀበሌ መዝጋቢዎችም ክርስትና ሳይነሱ የሞቱትን ሳይቀር መዝግበው ማሳወቅ ይኖርባቸዋል።

ከእነዚህ እርምጃዎች አብዛኞቹ አዲስ ሕንፃ የሚጠይቁ አይደሉም። የተገነባው ክፍልና የተገዛው መሣሪያ ለታለመለት ዓላማ እንዲውል የሚያደርገው በሙያው የበሰለ ባለሙያ ነውና፣ የጨቅላዎቹን ሞት የመቀነሱ ጥረት ዳግም ወደፊት እንዲራመድ በቅድሚያ ነርሷን በሥራዋ ላይ ማጽናት ይገባል።