ማርኩ ለልጁ ነው ወይስ ለውሳኔው?

አዲስ አበባ ላይ "ድራፍት" ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን አረፋው የገነፈለ ጃምቦ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን፣ በተለይ ፋሲካ በሚቃረብበት ሰሞን፣ ቃሉ ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ክለቦች ከየዩኒቨርሲቲው የሚወጡትን ወጣት ተጫዋቾች በተራ በተራ የሚከፋፈሉበት ሥነ ሥርዓት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የጠቀስኳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ኤፕሪል 25 ቀን 2024፣ ሐሙስ ማታ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው የወንድሜ ቤት በእንግድነት ተቀምጬ ነበር። ለሆሳዕና ሦስት ቀን ቀርቶታል። ማዕዱ ላይ ሽሮና ጎመን ቀርቧል። እዚያው ተወልዶ ያደገው የወንድሜ ልጅና ሦስት ጓደኞቹ ግን ከቴሌቪዥኑ ፊት ንቅንቅ አላሉም። "ጋሼ፣ የሚቀጥሉት ዐሥር ዓመታት ዛሬ ነው የሚወሰኑት" አለኝ የወንድሜ ልጅ፣ የዋሽንግተንን ቡድን ቆብ እንዳደረገ።

ዋሽንግተን ሁለተኛ ተራ ነበረው። የተጠራው ስም ጄይደን ዳንኤልስ ሆነ። የወንድሜ ልጅ ቆቡን አውልቆ ሶፋው ላይ ወረወረ። እሱ የሚፈልገው ድሬክ ሜይ የሚባለውን ሌላ ኳርተርባክ ነበርና። "ሲ ማይነስ!" ብሎ ማርክ ሰጠ። አንዱ ጓደኛው "ኤ" አለ፤ ሌላው "ቢ"። እስከ እኩለ ሌሊት ተጨቃጨቁ።

በመካከል ገባሁና "ለመሆኑ ይህ ልጅ ለዋሽንግተን ስንት ጨዋታ ተጫውቷል?" ስል ጠየቅሁ።

"ጋሼ፣ ገና አሁን ተመረጠ እኮ!"

"ታዲያ ማርኩ የምኑ ነው?"

ሁሉም ሳቁ። ጥያቄዬ ግን ከልብ ነበር። ሕግ የተማረ ሰው ማስረጃ ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ ሲያይ ዝም ማለት አይሆንለትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሊጉ 32 ክለቦች አሉ። መረጣው ሰባት ዙር አለው። ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው መጀመሪያ ይመርጣል፣ ሻምፒዮኑ መጨረሻ ላይ። አንድ ክለብ ተራውን እንደ ዕቃ መለወጥ፣ የመጪዎቹን ዓመታት ተራ ጭምር አስቀድሞ መሸጥ ይችላል። ሥርዓቱ የተጀመረው በ1936 ነው። የመጀመሪያው ተመራጭ ጄይ በርዋንገር በሊጉ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ቀርቷል። ዛሬ አንደኛ ዕጣ የሚወጣለትን ልጅ ገና ሳይሮጥ ዙፋን ላይ የሚያስቀምጡት ሰዎች ይህን ማስታወስ ይገባቸው ነበር።

ከ1980 ጀምሮ ነገሩ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። በ2024 ዲትሮይት ከተማ ላይ በሦስቱ ቀናት የተገኘው ሕዝብ ከ775 ሺህ በላይ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው የወጣው ስም ሲጠራ ለመስማት እንጂ ኳስ ሲጫወቱ ለማየት አይደለም። በማግስቱ ጋዜጣውም፣ ሬዲዮውም፣ ደጋፊውም ለየክለቡ ማርክ ያድላል።

የፊላደልፊያው ጩኸት

የዚህ ችኩል ፍርድ ዋነኛው ምሳሌ የ1999ኙ ነው። የፊላደልፊያ ደጋፊዎች በአውቶቡስ ተሳፍረው መረጣው ወደሚካሄድበት ኒውዮርክ ሄዱ። ፍላጎታቸው ሪኪ ዊሊያምስ የሚባለው ኳስ ይዞ ሯጭ ነበር። ክለቡ ግን በሁለተኛው ተራ ኳርተርባኩን ዶኖቫን ማክናብን መረጠ። ደጋፊዎቹ በአዳራሹ ውስጥ በልጁ ላይ ጮኹበት። በሕይወቱ ትልቁ ቀን ነበር፤ ቤተሰቡ ይመለከታል።

ያ የተጮኸበት ወጣት ቡድኑን አምስት ጊዜ ለኮንፈረንስ ፍጻሜ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለሱፐር ቦውል አበቃ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይህ ነው።

ሪኪ ዊሊያምስስ? ኒው ኦርሊንስ እርሱን ለማግኘት ሲል የዚያን ዓመት ተራዎቹን በሙሉ፣ በዚያ ላይ የ2000ን የመጀመሪያና የሦስተኛ ዙር ተራ አሳልፎ ሰጠ። የተቀበለው ዋሽንግተን ነበር። ዋሽንግተን በዚያ ሀብት ተጠቅሞ በ1999 ቻምፕ ቤይሊን መረጠ። ቤይሊ በ2019 በስፖርቱ የዝነኞች መዝገብ ላይ ስሙ ሰፍሯል። በ2000 ደግሞ በዚሁ ልውውጥ በተገኘው ሁለተኛ ተራ ላቫር አሪንግተንን ወሰደ። የዋሽንግተን ደጋፊ በወቅቱ በኒው ኦርሊንስ ሞኝነት ስቋል።

ሳቁ ወደ ቤት ሲመለስ

ዐሥራ ሦስት ዓመት ቆይቶ ዋሽንግተን ራሱ ኒው ኦርሊንስን ሆኖ ተገኘ። በ2012 ከስድስተኛ ተራ ወደ ሁለተኛ ከፍ ለማለት ሲል ሦስት የመጀመሪያ ዙር ተራዎችን፣ ማለትም የ2012፣ የ2013ና የ2014ን፣ እንዲሁም አንድ የሁለተኛ ዙር ተራ ለሴንት ሉዊስ ራምስ ከፈለ። ግዢው ሮበርት ግሪፊን የሚባል ባለ ፈጣን እግር ኳርተርባክ ነው። ከተማው በደስታ ሰከረ። በዚያው መረጣ በአራተኛው ዙር፣ በ102ኛ ተራ፣ ክለቡ ከርክ ከዝንስ የሚባል ሌላ ኳርተርባክ ሲጨምር ግን ብዙው ሰው "ምን ይሠራልናል?" አለ።

የመጀመሪያው ዓመት የተደሰቱትን ትክክል አስመሰለ። ቡድኑ 10 አሸንፎ 6 ተሸነፈ፣ ምድቡንም መራ። ግሪፊን የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ አጥቂ ተባለ። በጃንዋሪ 2013 ግን ቀድሞ ተጎድቶ በነበረ ጉልበቱ በጥሎ ማለፍ ጨዋታ እንዲቀጥል ተደረገና ጉልበቱ ተበጠሰ። ከዚያ በኋላ የቀድሞው ግሪፊን አልተመለሰም። በ2015 ቡድኑን ይዞ ምድቡን ያሸነፈው ያ "ምን ይሠራልናል" የተባለው ከዝንስ ነው።

ዲሴምበር 7 ቀን 2014 ራምስ ላንዶቨር ወደሚገኘው የዋሽንግተን ስታዲየም መጣ። ከጨዋታው በፊት ለሳንቲም ውርወራው ስድስት አምበሎች ወደ ሜዳ አስገባ። ስድስቱም ከዚያ ልውውጥ በተገኙ ተራዎች የተመረጡ ተጫዋቾች ናቸው። ግሪፊን በዚያን ቀን ቋሚ ተሰላፊ እንኳ አልነበረም። ውጤቱ 24 ለ 0 ሆነ። በስፖርት ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ያለ ቃል የተነበበ የፍርድ ሐተታ እኔ ሰምቼም አይቼም አላውቅም።

ታዲያ ደጋፊው ዝም ይበል?

አይበል። ደጋፊው ይከፍላል። ትኬት ይገዛል፣ መለያ ይገዛል። በሴፕቴምበር 2025 የዋሽንግተን ከተማ ምክር ቤት በአሮጌው አርኤፍኬ ስታዲየም ቦታ ላይ ለሚገነባው አዲስ ስታዲየም ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሕዝብ ገንዘብ እንዲውል አጽድቋል። በከተማው ውስጥ ታክሲ የሚነዳው፣ ምግብ ቤት የከፈተው ወገናችን፣ ፉትቦል ወደደም ጠላም፣ ግብሩን ሲከፍል የዚህ ክለብ ባለድርሻ ሆኗል ማለት ነው። ባለድርሻ ደግሞ የመጠየቅ መብት አለው።

ጥያቄው ማንን ይጠይቅ የሚለው ነው። እኔ እንደሚገባኝ ደጋፊው ማርክ የሚሰጠው ለልጁ ነው፤ መስጠት ያለበት ግን ለውሳኔው ነው። ልጁ ጥሩ ይሁን መጥፎ በዚያች ሌሊት ማንም አያውቅም። ውሳኔው ግን በዚያችው ሌሊት ሊመዘን ይችላል፤ ምን ተከፈለ? ያን ጊዜ ምን ይታወቅ ነበር? ሌላ ምን አማራጭ ነበር? ለአንድ ሰው ስንት ሰው ተሰጠ?

በዚህ ሚዛን የ2012ቱ ግዢ የግሪፊን ጉልበት ሳይበጠስም ጥያቄ ሊነሣበት ይገባ ነበር። ኬድ ማሲና በኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆኑት ሪቻርድ ቴለር የተባሉት ምሁራን የብዙ ዓመት መረጣዎችን መርምረው ያገኙት ነገር አለ። አንድ ተመራጭ በእርሱ ቦታ ከሚጫወተው ቀጣይ ተመራጭ በልጦ የመገኘት ዕድሉ 52 ከመቶ አካባቢ ነው። ሳንቲም ከመወርወር እምብዛም አይለይም። ሳንቲም ለመወርወር ሲባል የሦስት ዓመት እህል አስቀድሞ መሸጥ ምን ይባላል? በሬው ሣሩን አይቶ ገደሉን አላየም።

ቀጥሎ ክለቡ ልጁን ከተረከበ በኋላ ያደረገው አለ። የተጎዳ ጉልበት ይዞ ይጫወት ያለው ማነው? የሚከላከሉለት ተጫዋቾች እንዳይገዙ ተራዎቹን የሸጠው ማነው? የከሸፈው ምርጫ ሲቆጠር ስሙ የሚነሣው ግን የልጁ ነው። መራጮቹ ሌላ ክለብ ገብተው እንደገና ይመርጣሉ።

ማንም ያልጠየቀው ሰው

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ደጋፊዎቹ ሲከራከሩ አንድም ጊዜ ሲነሣ አልሰማሁም። ልጁ ራሱ ወዴት መሄድ ይፈልግ ነበር?

ይህን ጥያቄ ፍርድ ቤት ያደረሰው በአጋጣሚ የዋሽንግተን ተጫዋች ነው። ጄምስ "ያዙ" ስሚዝ በ1968 በመጀመሪያው ዙር ተመረጠ። የአንድ ዓመት ውል ፈረመ። በዚያው የመጀመሪያ ዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ላይ አንገቱ ተጎዳ፤ ሙያው በዚያ አበቃ። ከዚያም ክስ መሠረተ። ክርክሩ ቀላል ነበር። ድራፍት ባይኖር ኖሮ ከብዙ ክለቦች ጋር ተደራድሬ የተሻለ ውልና ለጉዳት የሚሆን ዋስትና አገኝ ነበር፤ አንድ ገዢ ብቻ እንዲኖረኝ ተደርጎ ተሸጥኩ የሚል። በ1978 የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ድራፍቱ በዚያን ጊዜ በነበረበት ቅርጽ የንግድ ውድድርን የሚገድብና ሕገ ወጥ ነው ሲል ፈረደ።

ታዲያ እንዴት እስከ ዛሬ ቀጠለ? ሊጉ ሥርዓቱን ከተጫዋቾች የሠራተኛ ማኅበር ጋር በሚደረግ የኅብረት ስምምነት ውስጥ አስገባው። በኅብረት ስምምነት የተደረሰበትን ጉዳይ ፍርድ ቤቶች በዚያ ሕግ አይነኩትም። እዚህ ላይ የሕግ ሰው ቆም ይላል። የተደራደረው ማኅበር የነባር ተጫዋቾች ነው። በስምምነቱ የሚታሰረው ወጣት ግን ውሉ ሲፈረም አባል አልነበረም፤ ምናልባት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ውጤቱም ታይቷል። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ 50 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ያለው ውል ፈርሞ ነበር። በ2011 አዲስ ስምምነት መጣና የዚያ ዓመት አንደኛ ካም ኒውተን በጠቅላላው 22 ሚሊዮን አገኘ።

በሌላው ወገን ያለው ክርክር ቀላል አይደለም። ደካማው መጀመሪያ መምረጡ ሊጉን ሚዛናዊ ያደርጋል። የእንግሊዝን ኳስ የምንከታተል ሰዎች ሀብታሙ ክለብ ያሻውን ሲገዛ ማየት ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ሥርዓቱ ይፍረስ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን አሠሪውን ባልመረጠ፣ ደሞዙን ባልተደራደረ የሃያ አንድና ሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ላይ በመጀመሪያው ሌሊት "ሲ ማይነስ" ብሎ መፍረድ ከደግ ሰው አይጠበቅም።

የስልኩ ጥሪ

ጄይደን ዳንኤልስ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ አጥቂ ሆነ። በ2023 አራት ጨዋታ ብቻ ያሸነፈው ቡድን በ2024 ዐሥራ ሁለት አሸነፈ፤ ለኮንፈረንስ ፍጻሜም ደረሰ። በጃንዋሪ 2025 የወንድሜ ልጅ ደወለና "ጋሼ፣ ማርኩን ወደ ኤ ፕላስ ቀይሬዋለሁ" አለኝ። እንኳን ደስ አለህ አልኩት።

በቀጣዩ የውድድር ዘመን ዳንኤልስ በተደጋጋሚ ተጎዳ። ቡድኑም ወደ ጥሎ ማለፍ ሳይገባ ቀረ። ያ የተፈለገው ድሬክ ሜይ ደግሞ በኒው ኢንግላንድ ከሊጉ ምርጥ ኳርተርባኮች አንዱ ሆነ። በዲሴምበር ስልኬ እንደገና ጮኸ። "አላልኩህም ጋሼ?"

"ያን ሌሊት ዳንኤልስን ለማግኘት ክለቡ ተጨማሪ ተራ ከፍሏል?" ስል ጠየቅሁት።

"የለም፤ የራሱ ተራ ነበር።"

"ለሚከላከሉለት ልጆችስ ምን አደረገ?"

ዝም አለ። ከዚያ "እሱን ልይና እደውልልሃለሁ" አለኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የተፈረደበትን ልጅ ትቶ መዝገቡን ሊያገላብጥ ሄደ። ከእርሱ ከዚህ የበለጠ አልጠብቅም።

ቸር እንሰንብት።