እስከ መቶ መቁጠር ቁጥርን ማወቅ አይደለም

የአራት ወይም የአምስት ዓመት ሕፃን «ጎበዝ» የሚባልበት መለኪያ በከተሞቻችን የታወቀ ነው። እስከ መቶ ሳያቋርጥ ይቆጥራል፤ ቁጥሮቹን በደብተሩ ላይ ረድፍ በረድፍ ይሞላል፤ እንግዳ ሲመጣ «እስኪ ቁጠር» ይባልና በእንግሊዝኛ ያንበለብለዋል። ኬጂው የሚያስተምረው ይህንን ነው፤ ወላጅ የሚከፍለውም ለዚህ ነው፤ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ለአንደኛ ክፍል መግቢያ የሚፈትኑትም ይህንኑ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመዋዕለ ሕፃናት ዓላማ የልጁ ሁለንተናዊ ዕድገት እንደሆነ ደንግጎ የነበረ ቢሆንም፣ በተግባር የሠለጠነው ግን ደብተር የመሙላት ትምህርት ነው። ይህ ልማድ ስህተት ነው። ስህተትነቱ ልጆችን ማድከሙ ብቻ አይደለም፤ ሒሳብ ያልሆነውን ነገር ሒሳብ ብሎ ማስተማሩ ነው።

የቁጥሮችን ስም በተርታ መጥራትና የቁጥርን ምንነት መረዳት ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ካረን ዊን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባሳተሟቸው ጥናቶች ለሁለትና ለሦስት ዓመት ሕፃናት ያቀረቡት ጥያቄ ቀላል ነበር፤ «ከዚህ ክምር ሦስት ስጠኝ» የሚል። ብዙዎቹ ከሦስት አልፈው መቁጠር የሚችሉ ቢሆኑም፣ ሦስት ሲባሉ ያገኙትን ያህል አፍሰው ይሰጡ ነበር። በመጨረሻ የተጠራው ቁጥር የክምሩን ብዛት እንደሚናገር ገና አልገባቸውም። ይህ ግንዛቤ እስኪመጣ ብዙ ወራት ይፈጃል፤ የሚመጣውም ቆጠራው ከሚነካና ከሚከፋፈል ነገር ጋር ሲገናኝ ነው። ስለዚህ «ልጄ እስከ መቶ ይቆጥራል» የሚል ወላጅ የነገረን ስለ ልጁ ምላስ ነው። ስለ ልጁ አእምሮ ለማወቅ «ለአምስት ሰው የሚበቃ ስኒ አምጣ» ብሎ ማየት ይሻላል።

ጉዳቱን የሚያብሰው ልጁ የሚቆጥርበት ቋንቋ ነው። አማርኛ «አሥራ አንድ»፣ «አሥራ ሁለት» ሲል የቁጥሩን አሠራር በስሙ ውስጥ አስቀምጦታል፤ አሥር አለ፣ በላዩ አንድ አለ። በግእዝ አኃዝም ፲፩ ብለን ስንጽፍ አሥሩና አንዱ ጎን ለጎን ይታያሉ። «ኢለቨን» እና «ትዌልቭ» ግን ለሕፃን ጆሮ ምንም አይነግሩም፤ በቃል መሸምደድ ብቻ ነው። ኬቪን ሚለርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት የቻይናና የአሜሪካ ሕፃናትን ቆጠራ አነጻጽረው ነበር። እስከ አሥር ባለው ልዩነት አልነበራቸውም፤ ከአሥር በላይ ግን «አሥር አንድ» እያለ የሚቆጥር ቋንቋ ያላቸው ቻይናውያን ቀደሙ። የእኛም ልጆች ይህን ዕድል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይዘውት ይመጣሉ። አማርኛ ተናጋሪውን ሕፃን ገና ቁጥርን ሳይረዳ በእንግሊዝኛ እንዲቆጥር የሚያስገድድ ኬጂ ዘመናዊነትን አላስተማረውም፤ በእጁ የነበረውን መብራት አጠፋበት እንጂ።

ታዲያ ቁጥር በምን ይገባል? መልሱ ከሰፈራችን ሜዳ ሩቅ አይደለም። ቅልብልቦሽ የምትጫወት ልጅ አንዱን ጠጠር ወደ ላይ ወርውራ አራቱን መጀመሪያ አንድ በአንድ፣ ቀጥሎ ሁለት በሁለት፣ ከዚያ ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻም አራቱን ባንዴ ስታነሣ፣ አራት ቁጥር የሚበተንባቸውን መንገዶች በእጇ እያጠናች ነው። ገበጣ የሚጫወት ልጅ ጠጠሮቹን ከመዝራቱ በፊት የመጨረሻው የት እንደሚያርፍ በዓይኑ ይቆጥራል፤ ገና ያልተደረገን ነገር ማስላት ማለት ይህ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ያሉ የገበጣ ዓይነቶችን በብዛት መዝግበዋል። ጨዋታ ቁጥርን እንደሚያስተምር ደግሞ በሙከራ ታይቷል። ጊታ ራማኒና ሮበርት ሲግለር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ከድሃ ቤተሰብ የመጡ አሜሪካውያን ሕፃናት ከ1 እስከ 10 በተርታ የተጻፈበት ሰሌዳ ላይ፣ የደረሱበትን ቁጥር እየጠሩ ተጫወቱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። የቁጥር ግንዛቤያቸው ተሻሻለ፤ ከዘጠኝ ሳምንት በኋላም አልጠፋም። በቀለም ብቻ በተከፋፈለ ሰሌዳ የተጫወቱት ግን ይህን ለውጥ አላሳዩም።

ተረትና ጥያቄም እንዲሁ ናቸው። ነብርን፣ ፍየልንና ቅጠልን በአንድ ታንኳ ወንዝ ማሻገር ያለበት ሰው ታሪክ ሲነገር ሕፃኑ አንዱን አማራጭ ይሞክራል፣ ፍየሏ ቅጠሉን እንደምትበላ ያያል፣ ይመለሳል፣ ሌላ ይሞክራል። የሒሳብ ሊቅም ሥራው ይኸው ነው። አንድ ዳቦ ለሦስት ልጆች እኩል እንዲደርስ እንዴት ይቆረስ ብሎ መጠየቅ የክፍልፋይን ትምህርት መጀመር ነው። ዋናው ቁም ነገር መልሱን ከሰማን በኋላ የምንጠይቀው ሁለተኛ ጥያቄ ነው፤ «እንዴት አወቅሽ?» ይህ ጥያቄ በክፍሎቻችን ሲጠየቅ አይሰማም። የሚሰማው «ትክክል» ወይም «ስህተት» ነው፤ ልጁም የሚማረው ሒሳብ የመምህሩን ፊት ማንበብ እንደሆነ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚሰነዘሩት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉምና በቁም ነገር ሊመለሱ ይገባል። የመጀመሪያውና ጠንካራው፣ ጨዋታ ብቻውን ወደ ጽሑፍ ሒሳብ አያሻግርም የሚለው ነው። ማስረጃም አለው። በዴልሂ ከ1,500 በላይ ሕፃናት የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ትልቅ ጥናት፣ የብዛትና የቅርጽ ጨዋታዎች የልጆቹን የተፈጥሮ ግምት ለረጅም ጊዜ ቢያጎለብቱም አንደኛ ደረጃ ሲገቡ በትምህርት ቤቱ ሒሳብ ብልጫ እንዳላስገኙላቸው አሳይቷል። ይህ ግን ወደ ሽምደዳ እንድንመለስ አያዝዝም፤ ጨዋታውና ምልክቱ በአንድ ላይ እንዲሄዱ ያዛል። በራማኒና በሲግለር ሰሌዳ ላይ የነበረው ይኸው ነው፤ ቁጥሩ ተጽፎ ይታያል፣ በአፍም ይጠራል። ሁለቱ ሲለያዩ በሌላ በኩልም ጉድለት እንደሚመጣ የብራዚሏ ሬሲፌ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመው የካራሄርና የሽሊማን ጥናት አምስት የገበያ ልጆች በሽያጭ ላይ ሲጠየቁ ከመቶ 98 ያህሉን በትክክል አስልተዋል፤ ያው ስሌት በወረቀት ላይ በቁጥር ብቻ ሲቀርብላቸው ግን ከመቶ 37 ያህሉን ብቻ። ልጆቹ ማሰብ አላቃታቸውም፤ ትምህርት ቤቱ የሚያውቁትን ከምልክቱ ጋር አላገናኘላቸውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ በቃል መያዝ የአባቶቻችን የትምህርት ሥርዓት ነው የሚል ነው። በቃል መያዝ ይጠቅማል፤ የማባዣ ሰንጠረዡም ጊዜው ሲደርስ በቃል መያዝ አለበት። ነገር ግን የአብነት ትምህርት ቤት በቃል ይዞ አልቆመም። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ የሚመዘነው የሌላውን ቅኔ በመድገሙ ሳይሆን የራሱን በመፍጠሩ ነው፤ ይህንንም ሥራ «ቅኔ መቁጠር» ብለው ጠርተውታል። ተማሪው ቆጥሮ መምህሩ ፊት ያቀርባል፣ ይታረማል፣ ነገም ሌላ ይቆጥራል። በዚያ ቤት ቆጠራ ማለት መፍጠር ነው፤ በኬጂዎቻችን ግን መድገም ሆኗል። ስለዚህ በአባቶች ስም ሽምደዳን መከላከል አባቶችን መበደል ነው።

ሦስተኛው ስለ አቅም ነው፤ ስልሳና ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ጨዋታ እንዴት ይሆናል? ችግሩ እውነት ነው፣ የመምህራን ሥልጠናና ደመወዝም መሻሻል አለበት። ይሁን እንጂ ቆርኪ፣ ጠጠርና የባቄላ ፍሬ ከደብተር ይረክሳሉ፤ አራት አራት ሆነው መሬት ላይ የተቀመጡ ልጆች እርስ በርስ ይማራሉ፤ «እንዴት አወቅህ?» ለማለትም በጀት አያስፈልግም። ትልቁ እንቅፋት ያለው ወላጁ ዘንድ ነው። የተሞላ ደብተር ለከፈለው ገንዘብ እንደ ደረሰኝ ይታየዋል፤ ትምህርት ቤቱም ደንበኛውን ላለማጣት ደረሰኙን ይቆርጣል።

ስለዚህ ቃሌ በቅድሚያ ለወላጆች ነው። ኬጂ ስትመርጡ ልጆቹ እስከ ስንት እንደሚቆጥሩ አትጠይቁ፤ ምን እንደሚጫወቱ፣ ምን ተረት እንደሚሰሙ፣ ሲሳሳቱ ምን እንደሚባሉ ጠይቁ። ማታ ልጃችሁን «እስኪ ቁጠሪ» ከማለት ይልቅ እንጀራውን ለቤተሰቡ እንድታካፍል አድርጓት፤ ከዚያም «እንዴት እንዳሰብሽው አስረጂኝ» በሏት፤ ስትናገርም እስከ መጨረሻው ስሟት። የአንደኛ ክፍል መግቢያ ፈተና የሚያወጡ ትምህርት ቤቶችም የአምስት ዓመት ሕፃን በምላሱ ፍጥነት መመዘኑን ይተዉ። ልጆቻችን ሒሳብን የሚጠሉት ከባድ ስለሆነ አይደለም፤ ገና ከመነሻው እንዲያስቡበት ስላልፈቀድንላቸው ነው።